የጋሽ ገብረኪዳን እንግዶች

ባለፈው እሑድ ልጄ ሊዲያ ምሳ ልትበላ ቤቴ መጣች። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት ክፍል ኃላፊ ናት። ሥራዋን ትወዳለች፤ ስለ ሥራዋ ማማረርም ትወዳለች። የዕለቱ ምሬቷ ግን አዲስ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ ከኮሌጅ ተማሪዎች ሊልኩብኝ ነው። ሥራ እንዲያዩ ነው አሉ። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተሉ የምሠራውን ሲያዩ ሊውሉ! እኔ ኦርደር ደርሶብኝ መተንፈሻ አጥቻለሁ፤ ምን ላድርጋቸው?»

ልጎርስ የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጎመኑ አልጣፈጠህም እንዴ?» አለችኝ።

ጎመኑ ጣፍጦኝ ነበር። እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ የኮሌጅ ተማሪዎች ተልከውብኝ እንደነበር፣ ልክ እንደሷ አማርሬ እንደነበር ነግሬያት አላውቅም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ታውቅ ነበር። ልጆቻችን ፊት ግን አንስተነው አናውቅም። አንዳንድ ነገር በልጅ ጆሮ እንዲገባ አይፈለግም፤ ልጁ ካደገ በኋላ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ይጠፋል።

ያን ጊዜ ከባድ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ጋራዡ ከባለቤቱ ተወርሶ የመንግሥት የሆነ ነው። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቦሌ በኩል ትንሽ ገባ ብሎ ነበር የሚገኘው። ዛሬ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ሆቴልና ካፌ ተደራርቦበታል። ያኔ ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፋሪውን አራግፎ የሚመለስበት የከተማው ጫፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ወንዝና የጤፍ ማሳ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በጣራችን ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። የጀመርነውን ወሬ አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቅና ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ዓመት ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ እናያለን። ደረታቸው ላይ መፈክር የተለጠፈባቸው ነበሩ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፤ ገና ጢም ያላወጡ። ቆሞ ማየት ያስጠይቃል፤ ፊትን አዙሮ ማለፍም ያስጠይቃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደ ድንጋይ የደረቀ ፊት ይዞ መሄድን ተማረ። እኔም ተማርኩ።

የጋራዡ ዋና መካኒክ ጋሽ ገብረኪዳን ይባላሉ። የትግራይ ሰው ናቸው። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከገላቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። እኛን ወጣቶቹን «ወደይ» ይሉን ነበር፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ጠሩኝና ሁለት ወጣቶች ፊት አቆሙኝ።

«መኮንን፣ እነዚህ ከኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ሥራ እያዩ ይከርማሉ። አንተን ይከተሉ።»

«ጋሽ ገብረኪዳን፣ እኔ ሁለት ሞተር ፈትቼ የበተንኩ ሰው ነኝ! ሌላ ሰው የለም?»

«አንተም ስትመጣ እንዲሁ ማንም አልፈለገህም፤ ወደይ» አሉና ሄዱ።

አንዷ ምሕረት ነበረች። ሰፊ ቱታ ለብሳ እጅጌውን ጠቅልላ ጠቅልላ ክርኗ ላይ አድርሳዋለች። ሌላው ዳዊት ይባላል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን በየደቂቃው ወደ ላይ የሚገፋ ልጅ። መጀመሪያ ላይ ፊት ነሣኋቸው። «ማየት እንጂ መንካት የለም» አልኳቸው። ምሕረት ግን እጇ አላርፍ አለ። ዕቃ ባነሣሁ ቁጥር «ይሄ ምንድን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ? ባይኖርስ ምን ይሆናል?» ትለኛለች። ሳምንት ሳይሞላ ምሕረት የማትጠይቅበት ሰዓት ዝምታው ይከብደኝ ጀመር። ዳዊት በበኩሉ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ግን ያየውን አይረሳም። ጠዋት የፈታሁትን ከሰዓት በኋላ እሱ ይገጥመዋል። 

ምሳ አብረን እንበላ ነበር። ከጋራዡ ኋላ አሮጌ የመኪና ወንበሮች ፀሐይ ላይ አውጥተን ነው የምንቀመጠው። ከወንዙ ማዶ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይሄዳል። የናፍጣ ሽታ ከባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። የዳዊት እናት ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይቋጥሩለታል። ቅቤው የበዛ፣ በርበሬው ዓይን የሚያስነባ ፍርፍር ነው። አንድም ቀን ለብቻው በልቶት አያውቅም። ጋሽ ገብረኪዳንም ይመጡና ቆመው አንድ ጉርሻ ወስደው «እናትህን እግዜር ይስጥልኝ በላት» ይሉታል። ከጋራዡ ውጭ ከተማው በደም ተነክሮ ሳለ እዚያች ወንበር ላይ ስንቀመጥ እንስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ሰው በእንዲያ ያለ ጊዜ መሳቁን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው መሰለኝ።

የጋራዡ አብዮት ጠባቂ ጓድ መሪ ተፈራ የሚባል ጎማ ሠራተኛ ነበር። ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ ጎማ ነክቶ አያውቅም። ተማሪዎቹን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠመዳቸው። በአጠገባቸው ሲያልፍ ይቆምና ጫማቸውን፣ እጃቸውን፣ ፊታቸውን እያገላበጠ ያያል። አንድ ቀን ምሕረትን «አንቺ፣ ብዙ ትጠይቂያለሽ» አላት።

«ልማር ነው የመጣሁት» አለችው።

«እንማማራለን» ብሏት ሄደ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምሕረት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰረስርበት አንድ ጠዋት፣ ተፈራ የተሰቀለውን ብረት ደወለ። ሁላችንም ግቢው መሐል ተሰበሰብን። በሩ ላይ ከቀበሌ የመጡ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል። የኋላው ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚያወግዝ መፈክር በጥላሸት ተጽፎ ተገኝቷል። ማን እንደጻፈው ያኔም አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ተፈራ ዳዊትን በአንገትጌው ጎትቶ አወጣውና ኮረቱ ላይ አንበረከከው።

«እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ይሄ ግድግዳ ንጹሕ ነበር። ማን ጻፈው?»

«እኔ አልጻፍኩም» አለ ዳዊት።

«ማን ጻፈ ነው ያልኩህ!»

«አላየሁም።»

በሽጉጡ እጀታ አፉን መታው። የጥርስ መሰበር ድምፅ ሰምታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ ይመስላል። መነጽሩ ወድቆ ተፈራ ረገጠው። ዳዊት ደም ተፋ፤ ደሙን ተከትሎ ጥርሱ ወጣ። ምሕረት ከጎኔ ቆማ ክንዴን ይዛ ነበር። ጥፍሯ በቱታው አልፎ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

ያኔ ጋሽ ገብረኪዳን ወደ ፊት ወጡ።

«ተፈራ፣ ልጆቹ እንግዶቼ ናቸው። ተቀብዬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ጥያቄ ካለህ እኔን ጠይቀኝ።»

«ጓድ በለኝ!»

«ጓድ ተፈራ፣ እኔን ጠይቀኝ።»

«ያንተም ተራ ይደርሳል፤ ጠብቅ ሽማግሌ» ብሎ ደረታቸውን ገፈተራቸው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ቆሙ፤ ወደ ቦታቸው ግን አልተመለሱም።

ተፈራ ዓይኑን እያዟዟረ እኔ ላይ አሳረፈው። ከመሬት አንድ ያረጀ ቺንጋ አነሣ፤ የከባድ መኪና ሞተር የሚያዞር ወፍራም የጎማ ቀበቶ ነው። ወደ እኔ ወረወረው።

«መኮንን፣ ና ወደዚህ። ስታስተምረው የከረምከው አንተ ነህ፤ ግረፈው። እውነቱን እስኪያወጣ ግረፈው። አልገርፍም ካልክ ከጎኑ ትንበረከካለህ።»

ቺንጋውን አነሣሁት። ከባድ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ዳዊት ፊት ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ያለ መነጽር ፊቱ የሕፃን ይመስል ነበር። ከንፈሩ አብጦ በደንብ አልተንቀሳቀሰለትም።

«ግረፈኝ፤ ግድ የለም» አለኝ በቀስታ። «አልቀየምህም።»

ልቤ ውስጥ የሆነውን ዛሬም በደንብ ልናገረው አልችልም። ጀግንነት አልነበረም፤ አስቤም አላደረግሁትም። ያ ቃል ከአፉ ሲወጣ እጄ ተነሣ፤ ሲወርድ ግን የወረደው የተፈራ የእጅ አንጓ ላይ ነው። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ነበር የመታሁት። ሽጉጡ ወደቀ። ተፈራ እንደ በሬ አጓራ። ደግሜ ፊቱን መታሁት፤ ቅንድቡ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው። ሦስተኛም እመታው ነበር፤ በጣም ነው የፈለግሁት። ጋሽ ገብረኪዳን ግን ቀደሙኝ። በዚያ ሰፊ ትከሻቸው ተንደርድረው ጣሉትና ላዩ ላይ ወደቁበት።

«ሩጡ!» አሉ። «ልጆቹን ይዘህ ሩጥ፤ ወደይ!»

በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ቢያነሡም ተፈራ ከጋሽ ገብረኪዳን ሥር ስላለ አመነቱ። ዳዊትን ከመሬት አነሣሁት፤ ምሕረት በሌላ በኩል ያዘችው። ወደ ኋላው አጥር ሮጥን። ዞር ብዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አውሮፕላን በላያችን ሊያርፍ እየወረደ ስለነበር ተኩሱን አልሰማሁትም፤ የጋሽ ገብረኪዳን ጀርባ ሲዘል ብቻ አየሁ። ተመትተው እንኳ ተፈራን አልለቀቁትም። ጠባቂዎቹ የጋሽ ገብረኪዳንን እጅ ከተፈራ ላይ ለማላቀቅ ይታገሉ ነበር። እኛን ያተረፈን ያ ትግል ነው።

በአጥሩ ቆርቆሮ መሐል የተቀደደ ክፍተት ነበር። ምሕረት ቀድማ አለፈች፤ ዳዊትን ገፋሁት፤ እኔ ስከተል ቆርቆሮው ጀርባዬን ሰነጠቀኝ። ቁልቁለቱን ወደ ወንዙ ስንወርድ ጥይት የባሕር ዛፉን ቅጠል ያረግፍ ጀመር። ዳዊት «ኧ» አለ፤ እንቅፋት የመታው ሰው እንደሚለው። ሮጠ፤ ትንሽ ቆይቶ እግሩ ከዳው። ጎኑን ነበር የተመታው። ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። ትኩስ ደሙ በቱታዬ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ወንዙን ስንሻገር ውኃው እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነበር። አንዱ እግሬ ሲቀዘቅዝ ሌላው በደም ሲሞቅ አስታውሳለሁ።

ማዶ ዛፍ ሥር አስተኛነው። ምሕረት ለብርዱ ትከሻዋ ላይ የደረበችውን ነጠላ ጎኑ ላይ ጠቅጥቃ በሁለት እጇ ጫነችው፤ ነጠላው ቶሎ ቀላ።

«ምሳ ዕቃዬ እዚያ ቀረ» አለን ዳዊት። «እናቴ ትቆጣኛለች።»

«አመጣልሃለሁ» አልኩት።

«ነገ?»

«አዎ፣ ነገ።»

ሌላ አልተናገረም። ምሕረት እጇን ከጎኑ አልወሰድ አለች። ልቡ ከቆመ በኋላ እንኳ ስትጫን ቆየች። እጇን ጎትቼ ሳላቅቃት ዞር ብላ በቦክስ ደረቴን መታችኝ፤ መላልሳ መታችኝ፤ ድምፅ ሳታሰማ። ቆሜ ተመታሁላት። ከዚያ እዚያው ትተነው ሄድን። አፈር እንኳ አላለበስነውም፤ የሚያሳድዱን ጠባቂዎች ድምፅ እየቀረበ ነበር።

በገርጂ በኩል ጤፍ የሚያጭዱ ገበሬዎች ነበሩ። አንዲት ኦሮሞ ሴት ደም ለብሰን ስንመጣ አይታ ማጭዷን ጣለች። አማርኛ አትችልም ነበር። «ኮታ! ኮታ!» አለች፤ ኑ ማለቷ ነው። በእጇ እየገፋች ከክምሩ ሥር አስገባችንና በነዶ ሸፈነችን። ሰዎቹ መጥተው ሲጠይቋት ጮኸችባቸው፤ እህሌን አትርገጡ የምትል ይመስላል። አንዱ ክምሩን በሳንጃ ወጋው። ሳንጃው በእኔና በምሕረት ፊት መሐል ገብቶ ወጣ። ምሕረት ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ሲሄዱ ሴትዮዋ ገብስ ቆሎና በቅል ውኃ አቀበለችን። ቆሎው አልዋጥ ብሎን ነበር፤ እሷ ግን እስክንበላ ቆማ ጠበቀችን። በማግሥቱ ምሕረትን የገበሬ ልብስ አልብሳ፣ ጭድ አሸክማ ከገበያተኛ ጋር ወደ ደብረ ዘይት መንገድ አስወጣቻት።

እኔ ብዙም ሳልቆይ ኮተቤ አክስቴ ቤት ተያዝኩ። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ልጅቷ የት ናት ይሉኝ ነበር። የት እንደገባች አለማወቄ ጠቀመኝ እንጂ ያንን ግርፋት ችዬ ምሥጢር እጠብቅ ነበር ብዬ አልምልም። ለምን እንዳልገደሉኝ አላውቅም፤ ከእኔ ያነሰ ጥፋት ያለባቸውን ከአጠገቤ እየጠሩ ይወስዷቸው ነበር። ተፈራን ራሳቸው ጓዶቹ በዚያው ዓመት ሰው በላ ነው ብለው ረሸኑት። ወሬውን እስር ቤት ሳለሁ ሰማሁ። ደስ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፤ ደስ አላለኝም። አንድ ሞት ተጨመረ እንጂ የጎደለ ነገር አልተመለሰም።

ከዓመታት በኋላ ስፈታ ሁለት ቤት ሄድኩ። የጋሽ ገብረኪዳን ባለቤት ጥቁር አልለበሱም ነበር፤ ሲገደሉ ማልቀስም ጥቁር መልበስም ክልክል ነበር። «ያኔ ለባሌ ያልለበስኩትን ዛሬ ብለብሰው ምን ይፈይዳል?» ብለው ተዉት። ስለ መጨረሻዋ ሰዓት ነገርኳቸው። «እንግዶቼ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ፣ እንግዶቼ አሉ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የዳዊት እናት ደግሞ ልጃቸው ብቻውን እንዳልሞተ ስነግራቸው እጄን ይዘው ሳሙት። ምሕረት ደረቱ ላይ እንዳለቀሰች ጨምሬ ነገርኳቸው። አላለቀሰችም፤ ግን ይኼን ውሸት አልጸጸትበትም።

ምሕረት ደርግ ከወደቀ በኋላ ፈልጋ አገኘችኝ። ናዝሬት የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ሆና ነበር። ሞተር ነው የምታስተምረው። አሁን እሷም ጡረታ ወጥታለች። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ ስለ ስኳር በሽታዋና ስለ ጉልበቴ እናወራለን፤ ስለዚያ ቀን አናወራም። እሑድ ግን ሊዲያ ከሄደች በኋላ ደወልኩላት። ልጄ ጋ ተማሪዎች ሥራ ሊያዩ እንደሚመጡ ነገርኳት።

«ማን ነው አብሯቸው የሚሄደው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ብቻቸውን ይመስለኛል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን አንድም ቀን ብቻቸውን ልኬ አላውቅም» አለች። «አብሬ እሄዳለሁ፤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። እስኪወጡ። ጥበቃዎቹ ይስቁብኝ ነበር።»

በማግሥቱ ጠዋት ታክሲ ይዤ ቦሌ ለሚ ሄድኩ። ሊዲያ አላወቀችም። ከበሩ ውጭ ሻይ የምትሸጥ ልጅ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ሲበረታ ወንበሬን ወደ ጥላው ሳብኩ፤ ሻይ ጠጣሁ፤ ዳቦ በላሁ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ዘመኑ ሌላ መሆኑን አላጣሁትም። የልጄ ፋብሪካ የልብስ ፋብሪካ ነው፤ እዚያ ውስጥ ተማሪ ላይ የሚደርሰው ቢበዛ መርፌ መወጋት ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ግን አልተነሣሁም።

አመሻሽ ላይ ወጡ። ስልካቸውን እያዩ፣ እየተገፋፉ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ እየተንጫጩ ነበር። አንዲት ልጅ ጨርቅ ቁራጭ አንገቷ ላይ አስራ ትስቃለች። ከእነሱ አንዱ ልጅ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አባባ፣ ጠዋትም እዚሁ ነበሩ። ሰው እየጠበቁ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

«አልመጡልዎትም?»

ሁሉም በሩን አልፈው አስፋልቱ ላይ ደርሰው ነበር።

«መጥተዋል» አልኩት፤ «አሁን መጡ።»